ከነልብስ ሰፊዋ የሚሸጥ ቤት

መስከረም 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለጨዋው፤

ጤናህን፣ ወገብህን፣ የዚያን አገር ብርድ አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ በየተራ መልስልኝ። ግድግዳ ልትቀባ መሰላል ላይ ስትወጣ ፈጣሪ ከላይም ከታችም ይያዝህ። እኔ ከንዴት በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ንዴት የሚገድል ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር።

የተናደድኩበትን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ሰፈሩን ሲያካልሉ ዋሉ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ያልተመዘገበ ቤት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል አሉ። እኔ እዚሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሰው ሱሪ እያጠበብኩ፣ ባለቤት የለውም! መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሳሁና ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

ጽሕፈት ቤት ነው የሚሉት። በረት እንዳልለው ከብቶቹ ምን አደረጉኝ? ደረጃውን ስትወጣ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽንት ቤቱ ነው። መዝጊያ የለውም፤ የገባው ሰው በሩን በእግሩ ይዞ ያንጎራጉራል፣ ሰው እንዳለ እንዲታወቅ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ተቀመጥኩ። ስነሳ ቀሚሴ ከእኔ ጋር አልነሳም አለ። ምን እንደያዘው አላየሁም፣ ማየትም አልፈልግም። ደጋግሜ አጥቤው አሁንም ልለብሰው ይቀፈኛል።

መስኮቱ ጋ ስደርስ አንድ ጎረምሳ የመዝገብ ሠራተኛ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ቅርፊቱን የሚተፋው የት ነው ብትለኝ፣ የሰው ማመልከቻ ላይ።

«እማማ፣ ምን ነበር?»

«አንተን የወለድኩህ መቼ ነው? እህቴ በለኝ።»

«እሺ እህቴ፣ ቤቱ የማን ነው?»

«የአጎቴ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ሁለቱ እህቶቹ፣ እናቶቻችን፣ ሲሞቱበት እኔንና የአክስቴን ልጅ አንድ አልጋ ላይ አግድም እያስተኛ አሳደገን። እኔን ስፌት አስተማረኝ። አምና ሲያርፍ ቤቱን ለሁለታችሁም እኩል ብሎ ተናዘዘ።»

«የአክስትዎ ልጅ የት ነው ያለው?»

«ውጭ አገር። ቀለም ቀቢ ነው።»

«ራሱ ይምጣ፣ ወይ ውክልና ይላክ። ያለሱ የቤት ካርታ የሚባል ነገር አናወጣም» አለና ቀጣይ ብሎ ጮኸ፤ ቀጣዩ ከኋላዬ አንገቴ ላይ ሲተነፍስ የነበረው ሰውዬ ነው፣ የበላውን ሁሉ ነግሮኛል በትንፋሹ።

ስለዚህ ጨዋው፣ ኤምባሲ ሂድና «እሷ በእኔ ፈንታ ታስመዝግብ» የሚል ውክልና ላክ። ካርታው በሁለታችን ስም ይወጣል። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም። ይሄ ቤት ከእጄ ከወጣ የት ቁጭ ብዬ ነው የምሰፋው? የምተኛበትም የምበላበትም እሱ ነው።

እህትህ መቀስ

(ቅጽል ስሜን ስነግረው ልጁ ሳቀ። ስለ እጄ መስሎታል። ስለ ምላሴ መሆኑን ቆይቶ ያውቀዋል።)


ጥቅምት 25 ቀን

እጅግ ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፤

በቅድሚያ ካለሁበት ሩቅ አገር ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጣቶችሽን ይባርክ፣ የመርፌሽን ዓይን ይጠብቅልሽ። እኔ ለክብሩ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ብርዱ እንደጀመረ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ስቄም አዝኜም ነው። ስለ ውክልናው አታስቢ፣ እልካለሁ። ኤምባሲው ቀጠሮ የሚሰጠው አርቆ ነው። ለምዝገባው የሚሆን ትንሽ ነገር በተለመደው መንገድ ልኬልሻለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ቤቱ ናፈቀኝ። ፎቶ አንሺልኝና ላኪልኝ። ከፊት ለፊት ይሁን፣ መንገዱም እንዲታይ። ጓሮውንም እንዲሁ። ጣራው ቆርቆሮው ተቀይሮ ከሆነ እሱም ይታይ።

ሁልጊዜም ወንድምሽ


ኅዳር 16 ቀን

ይድረስ ለጨዋው፤

ሰላም ነህ ወይ? ብርዱ ለቀቀህ ወይ? የላክኸው ደርሷል፣ ክፉ አይንካህ። ከኪሴ ሳይገባ ግን ለፎቶ ኮፒ፣ ለቴምብርና ለፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ አለቀ።

ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ያነሳኝ ጎረቤታችን ባለጋራዡ ነው። አዎ፣ ያው የምንጣላው፣ ጥቁር ዘይቱን በደጃፌ የሚለቅብኝ። «እቴ መቀስ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ፣ እንደምትሰድቢኝ ሁኚ» አለኝ። ሳላስብ ሆንኩለት። በሩ ላይ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የቆምኩት ለዚህ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የሱ አውራ ጣት ነው፣ ቤቱ ተቃጥሎ እንዳይመስልህ። ጣራው ዝናብ ባየ ቁጥር ይጮኻል፤ ናፍቆትህ ከጠና መጥተህ ቀይረው።

ወደ ጉዳያችን። ቀያሹ፣ ማለት መሬት የሚለካው ሰውዬ፣ ሥራ በዝቶበታል። ሥራው ምን እንደሆነ አይቻለሁ፦ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጆሮውን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ የወጣለትን ይመረምራል። «ለጊዜው ራስዎ ለክተው ያምጡ፣ በኋላ መጥቼ አረጋግጣለሁ» አለኝ። ለካሁ። በአጎታችን ሜትር፣ ክፍል በክፍል፣ ከግድግዳ ግድግዳ። ሦስቱም ክፍል እሱ ቤቱን ሲገዛ በእጁ ከጻፈው ልክ ጋር ፀጉር አይዛነፍም። እንባዬ መጣ። እዚህ ልጽፈው የማልፈልገውን ነገር ሁሉ አሰብኩ።

ከዚያ ወስጄ ለማህተሟ ሴትዮ ሰጠሁ። ማህተሙን የምትይዝ ሴትዮ አለች፤ ቢሮ አታስቀምጠውም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከማበጠሪያዋ ጋር ነው የሚያድረው። ስትመታ ከማህተሙ ጋር ፀጉር ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የኔ ማመልከቻ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ለዘላለም ታትሟል። የጣት አሻራ ቀለሙን ደግሞ አታንሳብኝ፣ የስንቱ ሰው አውራ ጣት እንደታሸበት! ጣቴን ነክሬ እስከ ቤት ድረስ ከሰውነቴ አርቄ ይዤው ሄድኩ።

ግን ፋይሉ ተከፈተ። የቀረው ያንተ ውክልናና የቀያሹ ማረጋገጫ ነው። ቀጠሮው እንዴት ሆነ?

መቀስ


ጥር 3 ቀን

ለውድ እህቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶ ነው። ጽሑፌ ካስቸገረሽ ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው።

ፎቶው ደርሶኛል። አምሮብሻል። ቤቱም።

ኤምባሲው ገና ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ካርታው በአንድ ሰው ስም ብቻ ቢወጣ ይቀላል ወይ? ደግሞ በዚያ አካባቢ ቤት አሁን ምን ያህል ያወጣል? ለማወቅ ያህል ነው።

በዚህ ወር መላክ አልቻልኩም። እንዳትቀየሚኝ።

ወንድምሽ


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለጨዋው፤

እንዴት ነህ? እውነቱን ነው የምጠይቅህ። ምን ዓይነት ጠረጴዛ ነው? መርከብ ላይ ነው የምትጽፈው? አጎታችን ያንተን ጽሑፍ ለደንበኛ ያሳይ አልነበር እንዴ! አሁን ግን ዶሮ ቀለም ረግጣ ያለፈች ነው የሚመስለው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ያቆምኩት፣ ንባብን ቅድ ከምናወጣበት አሮጌ ጋዜጣ የተማርኩት፣ ካንተ የተሻለ ስጽፍ አፈርኩልህ።

መላክ ባለመቻልህ አልተቀየምኩም። የምበላው አለኝ። በአንድ ስም ስላልከው ግን አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። እኩል ማለት እኩል ነው። ስንት ያወጣል ላልከውም እኔ ቤት ነው የማስመዘግበው፣ ሽንኩርት አይደለም።

አሁን የደረሰብኝን ስማና ሳቅብኝ፣ ፈቅጄልሃለሁ።

ቀያሹ መጣ። በእጁ ትንሽ መሣሪያ ይዟል፣ ቀይ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይተፋል፣ ቁጥር ይናገራል። ለካ። ወረቀቴን አየ። ደግሞ ለካ።

«ይሄን ቤት ማን ነው የለካው?»

«እኔ። ከኔ በፊት አጎቴ።»

«ቤትዎ እንዲህ ከሆነ ጎረቤትዎ ጋራዥ ውስጥ አንድ ስንዝር ገብቷል።»

«መሣሪያህ ሰክሯል። እኔ በሜትር ስሠራ አንተ ዳይፐር ላይ ነበርክ።»

እሱ ምን ቸገረው፣ ፋይሌን ወስዶ በቀይ «ክርክር ያለበት» የሚል አስመታበት። ይሄ ማለት ባለጋራዡ ፈርሞ አዲስ ልክ እስኪገባ ድረስ ቤቱ አይመዘገብም፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለጋራዡ ሰማ። መጣልህ!

«እቴ መቀስ! ግድግዳዬን ልትቀጂው ነው እንዴ?»

«ግድግዳህን ምን አደርገዋለሁ? በዘይት የጨቀየ ግድግዳ!»

«ታዲያ ወረቀት ላይ ምን ልታደርጊ ገባሽ?»

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሰማን። እቤት ገብቼ አንድ ሱሪ ልቆርጥ ጨርቁን ዘረጋሁ። ለካሁ፣ ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ጠመኔውን ሁለት ጣት አሳልፎ አሰመረ፤ በዚህም ሁለት ጣት፣ በዚያም ሁለት ጣት። ለስፌት። ለሚታጠፈው።

ወንድሜ፣ ቤቱን ለስፌት ትርፍ ትቼ ነው የለካሁት! በየክፍሉ ግራ ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት። አጎታችንም እንደዚሁ! ለዚህ ነው ልኬና ልኩ ፀጉር ያልተዛነፈው። እድሜ ልካችንን ቤቱን እንደ ሱሪ ይዘነው ኖረናል። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፣ ጠመኔው እንኳ ከእጄ ወደቀ።

ልኩን አስተካክላለሁ። ባለጋራዡን እለምናለሁ፣ እሱን መለመን እንዴት እንደሚመረኝ አንተ ታውቃለህ። አንተ ውክልናውን ላክ፣ ይሄን ቁስል እንዝጋው።

መቀስ

ደግሞ ሐኪም አይተህ ከሆነ ንገረኝ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።


የካቲት 28 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

አንድ ሰው ሰሞኑን ይመጣል። ቤቱን ያይና ይሄዳል። ጉዳዩን የሚያግዝ ሰው ነው። እባክሽ በሰላም አስተናግጂው፣ በመቀስ አይደለም። ያቺ ቀይ ማህተምም ቶሎ ብትነሳ ጥሩ ነበር።

ወንድምሽ


መጋቢት 19 ቀን

ሰላምታዬን አስቀርቻለሁ። ለምን እንዳስቀረሁ እታች ታገኘዋለህ።

የሚያግዘው ሰውህ መጣ። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ራሱን ሽቶ ውስጥ ዘፍዝፎ የወጣ ደላላ፤ የኔን ደረጃ ከመርገጡ በፊት ሶሉ እንዳይበላሽ መሬቱን ያያል። ከኋላው ባልና ሚስት፣ ሚስትየዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ። አፍንጫ የሚያዘው በሱ ሽቶ ነው እንጂ በኔ ቤት ምን አለና!

ማንኳኳት የለም። ገቡ። የስፌት መኪናዬን ከበው ቆሙ። ሰውየው ግድግዳውን በጣቱ ኳኳ አደረገ፣ እንደ ሐብሐብ። «ይሄ ይፈርሳል፣ ይሄ ይፈርሳል፣ እዚህ ጋ መኪና ማቆሚያ ይወጣል» ይላል። ያጎታችን አልጋ ያለበትን ክፍል ነው መኪና ማቆሚያ የሚለው።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አልኩ።

ደላላው ስልኩን አውጥቶ ለሰዎቹ አሳየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። ሳቀ።

«እንዴ! ፎቶው ላይ ያሉት ሴትዮ እርስዎ ኖት! እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው!»

የተነሳሁልህ ፎቶ። ናፈቀኝ ያልከኝ ፎቶ። የባለጋራዡ አውራ ጣት ጭምር እንዳለ ገበያ ወጥቷል።

«ከነእኔ ነው የሚሸጠው?» አልኩት።

«አይ አይጨነቁ። ባለቤቱ ነግሮኛል፣ ‹ተከራይ ናት፣ ቤቱ ሲሸጥ ትወጣለች፣ ጠብ የላትም› ብሎኛል።»

ተከራይ።

ጨዋው፣ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ በዚህ ዓመት። የሱፍ ቅርፊት የተተፋበት ማመልከቻ፣ ፀጉር የታተመበት ማህተም፣ ስንቱ እጅ የነካው ቀለም። አንዱም እንደዚህች ቃል አላቅለሸለሸኝም። አጎታችን ሲታመም ከሥሩ ቆሻሻውን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ገላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያኔ ተከራይ ነበርኩ? ግማሽህን ብትሸጥ ግማሽህ ነው፣ አለቅስ ይሆናል እንጂ አፌን እይዛለሁ። አንተ ግን ሙሉውን አወጣኸው፣ ከኔ ግማሽ ጋር። «በአንድ ስም ቢሆን ይቀላል ወይ» ብለህ እኔኑ ልታስጠይቀኝ! በገዛ እጄ ልታሳርደኝ!

ደላላውን በመቀስ አላስተናገድኩትም። ባለጋራዡ ነው ያስተናገደው። ጩኸቴን ሰምቶ እጁ እስከ ክንዱ ጥቁር እንደሆነ ገባ፣ ደላላውን ትከሻው ላይ እቅፍ አደረገው፣ እንደ ድሮ ወዳጅ። ያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ!

«ወንድሜ፣ ይሄ ቤት እኮ ከኔ ጋር ክርክር አለበት፣ አልሰማህም? ቀይ ማህተም አለው። እኔ ካልፈረምኩ አይሸጥም። እኔ ደግሞ እጄ ቆሻሻ ነው፣ እንዳየኸው፣ እንዴት እስክሪብቶ እይዛለሁ?»

ሄዱ። ሚስትየዋ ደረጃው ላይ ዘይት ረግጣ ልትወድቅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዘይት ወደድኩት።

እንግዲህ በስፌት ትርፍ የተሳሳትኩት ስህተት ይሄን ቤት አቆመልኝ። ባለጋራዡ «ልፈርም ወይስ አልፈርም?» ብሎኛል። አትፈርም ብዬዋለሁ። ሰኔ ይምጣ፣ ባለቤት የለውም ይበሉት፣ ላንተ ባለቤትነት ከሚሰጡት ለመንግሥት ቢሰጡት ይሻለኛል።

ለምን እንደሆነ ካልነገርከኝ ሌላ አትጻፍልኝ።

ስሜን አልጽፍም። ተከራይ ስም የለውም።


ግንቦት 6 ቀን

እህቴ፤

ጽፌ ስቀድ፣ ጽፌ ስቀድ ነው የቆየሁት።

ኅዳር ላይ ከመወጣጫው ላይ ወደቅኩ። ቀኝ ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያለ ውል ነበር የምሠራው፤ አሠሪው ስልኩን ዘጋብኝ። ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ቀደዱኝ፣ ጣቶቼ ግን አሁንም አይጨብጡም። ከወደቅኩ ወዲህ የጻፍኩልሽ ሁሉ በግራዬ ነው። የምተኛው ሰው ቤት ወለል ላይ ነው። የሐኪም ቤቱ ዕዳ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይልክብኛል።

ፎቶውን የጠየቅኩሽ ከመውደቄ በፊት፣ የእውነት ናፍቆኝ ነው። ለመሸጥ ሳስብም መጀመሪያ ግማሼን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ደላላው ግማሽ ቤት የሚገዛ የለም አለኝ። ከተሸጠ በኋላ ግማሽሽን ልልክልሽ ነበር፣ ብታምኚኝም ባታምኚኝም። ከዚያ ማን አለበት ሲለኝ፣ ዘመድ አለበት ካልኩ ገዢ ይሸሻል ብዬ ያቺን ቃል ተናገርኩ።

ወድቄያለሁ ብዬ ልነግርሽ አልቻልኩም። ሁሌ ተጠንቀቅ ስትይኝ ነበር።

ውክልናው ከዚህ ጋር አለ። ሙሉ ውክልና ነው፣ ባንቺ ስም። የፈለግሽውን አድርጊበት። በአንድ ስም፣ በራስሽ ስም ብታወጪው እንኳ ቃል አይወጣኝም።

ጨዋው ብለሽ አትጥሪኝ።


ሰኔ 21 ቀን

ይድረስ ለጨዋው፤

የምጠራህን እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጀመሪያ ክንድህ እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ቂል ነህ። ሦስተኛ፣ ጥር ላይ ሐኪም አይተህ ከሆነ ብዬ ስጠይቅህ በዝምታ አለፍከኝ፣ እሱን አልረሳልህም። ወለል ላይ መተኛትህን ከማውቅ ቀሚሴን የያዘው ያ ወንበር ላይ ዕድሜ ልኬን ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ አንተን መጸየፉን ትቼ ሁሉንም ሰው ተጸየፍኩ፦ ስልኩን የዘጋውን፣ ደላላውን፣ ዕዳ ላኪውን፣ የዚያን አገር ቀለም ሁሉ። ከዚያ ተመልሼ አንተን። ወረፋው ረጅም ነው፣ ተራህ እስኪደርስ ትንሽ ተርፈሃል።

ትናንት ውክልናህን ይዤ ሄድኩ። ባለጋራዡ አብሮኝ መጣ፣ እጁን በሳሙና ፈግፍጎ፣ ጥፍሩ ሥር ግን ያው ነው። አዲሱን ልክ አስገባሁ፣ ያለ ትርፍ። እሱ ፈረመ። ቀያሹ «አሁን ልክ መጣ እማማ» አለኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ባለጋራዡ ክንዴን ያዘኝ።

ከዚያ የመዝገቡ ጎረምሳ ውክልናህን አየውና ቅርፊቱን መትፋቱን አቆመ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ሙሉ ውክልና ነው። ለምን ሁለት ስም? በእርስዎ ስም ብቻ እናውጣው፣ አንድ ፊርማ ነው፣ አሁኑኑ እንጨርሳለን። እሱ እንደሆነ ውጭ ነው። ምን ያውቃል?»

ምን ያውቃል። እንዲህ ጠጋ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣ ከንፈሩ ላይ ቅርፊት ተጣብቆ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ጊዜ ትንፋሽ ያህል ቆምኩ። ቤቱ ሙሉውን የኔ። ደላላ የለ፣ መኪና ማቆሚያ የለ፣ ተከራይ የሚለኝ የለ። ከዚያ ያ ትንፋሹ ደረሰኝና የኔው ሐሳብ ከሱ አፍ የወጣ መሰለኝ። ቀፈፈኝ። ካንተ በላይ ራሴን ተጸየፍኩ።

«ሁለት ስም» አልኩት። «እኩል። ቁጥር ሳይዛነፍ ጻፍ። ደግሞ አፍህን ጥረግ።»

የማህተሟ ሴትዮ ከቦርሳዋ አወጣችና መታች። ፀጉር የለበትም፣ ፈትሼዋለሁ። ካርታው ወጣ። ግማሹ ያንተ ነው፣ ግማሹ የኔ፤ ከእንግዲህ አንዳችን ያለ ሌላችን ፊርማ ልንሸጠው አንችልም። ቅጂው ከዚህ ጋር አለ።

አሁን ወደ ሒሳባችን። ደላላውን ተከራይ ናት ብለኸዋል። እሺ። ቃልህን አላጠፋብህም። ግማሹ ያንተ ነው፣ እኔ ደግሞ ሙሉውን ይዤ እየኖርኩበት ነው፤ ስለዚህ በግማሽህ ላይ ተከራይህ ነኝ። ባለጋራዡን የሰፈሩን ኪራይ ጠይቄ ግማሹን ልኬልሃለሁ፣ የመጀመሪያው ወር ነው። በየወሩ ይመጣል። ብዙ አይደለም፣ ከወለል ላይ ግን ያነሳሃል። ስጦታ አይደለም፣ ምስጋና እንዳትጽፍልኝ። የዚያን ሁሉ ምርቃትህን ጥራዝም አልፈልግም።

የምፈልገው ደረሰኝ ነው። በየወሩ በእጅህ «ከተከራዬ ከእህቴ ተቀብያለሁ» ብለህ ትጽፍና ፈርመህ ትልክልኛለህ። ቃሏን አትዝለላት። ሌላ ሰው አያጽፍልህ፣ በራስህ እጅ። በግራህ ከሆነ በግራህ።

እኔ ደረሰኞቹን በተራ አስቀምጣቸዋለሁ። ቀኝ እጅህ የዳነ ቀን ከጽሑፉ አውቀዋለሁ። ኪራዩ ያን ቀን ያበቃል፣ ስለ ቃሏም ያን ቀን እንነጋገራለን።

ተከራይህ
መቀስ